የዋይፋዩ በር፣ ዘበኛውና መዝገቡ፦ የኔትወርክ ተጠቃሚዎችን ከአንድ ማዕከል ስለመለየትና ስለመመዝገብ

ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ባለው የቢሮ ሕንጻችን መግቢያ ላይ የሚቀመጡትን ዘበኛ የቀን ሥራ ልብ ብሎ ያየ ሰው፣ ይህ ጽሑፍ ሊያብራራ የተነሣበትን ጉዳይ እኩሌታውን ያለ ኮምፒውተር ተረድቷል ማለት ይቻላል። እንግዳ ሲመጣ «ወዴት ነው?» ይሉና መታወቂያ ይቀበላሉ፤ ስልኩን አንሥተው ወደ ፎቅ ይደውሉና «አንድ ሰው መጥተዋል፣ ልላካቸው?» ብለው ይጠይቃሉ። ከላይ «ይግቡ፣ ግን አራተኛ ፎቅ ብቻ» የሚል መልስ ሲያገኙ ባጅ ይሰጣሉ፣ በትልቁ መዝገብ ላይ ስምና የመግቢያ ሰዓት ይጽፋሉ፤ እንግዳው ሲወጣም መታወቂያውን መልሰው የወጣበትን ሰዓት ከጎኑ ያሰፍራሉ። ዘበኛው በራሳቸው ሥልጣን የሚፈቅዱትም የሚከለክሉትም ሰው የለም፤ ይጠይቃሉ፣ የተባሉትን ይፈጽማሉ፣ ይመዘግባሉ። አንድ ቀን መታወቂያ ረስቼ መጥቼ «ጋሼ፣ እኔን እኮ ያውቁኛል» ብላቸው፣ «እኔማ አውቅሃለሁ ልጄ፤ መዝገቡ ግን አያውቅህም» ብለው አስቁመውኛል።

በሩ ላይ ይህን የመሰለ ጥንቃቄ ባለበት ሕንጻ ውስጥ የቢሯችን ዋይፋይ ለረጅም ጊዜ ዘበኛ አልነበረውም። ለ60 ሠራተኛ አንድ ፓስዎርድ ነበር፤ እሱም በወረቀት ተጽፎ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ ተለጥፎ ነበር። ወረቀቱን ያነበበ እንግዳ ለጓደኛው ይነግራል፣ ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ ስልኩ ቃሉን እንደያዘ ይሄዳል፣ ምድር ላይ ያለው ማኪያቶ ቤት አስተናጋጆችም ከእኛ ባልተናነሰ ይጠቀሙበት ነበር። ቃሉን ለመቀየር 60 ሰው ስልኩንና ላፕቶፑን ይዞ መሰለፍ ስላለበት ማንም አይቀይረውም። ከሁሉ የከፋው ግን መስመሩ ከሰዓት በኋላ ሲጨናነቅ «ማነው የጨረሰው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አለመኖሩ ነበር፤ አንድ ቃል የሚጋሩ 60 ሰዎች ለራውተሩ አንድ ሰው ናቸውና።

አንዳንዱ ሰው «ታዲያ ስልኮቹን በሃርድዌር አድራሻቸው፣ በማክ አድራሻ፣ ለምን አንለያቸውም?» ይላል። ያ መንገድ ድሮም ደካማ ነበር፣ አሁን ደግሞ ጭራሽ ተዘግቷል ማለት ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አንድሮይድ 10 እና በ2020 የወጣው አይኦኤስ 14 ለየዋይፋዩ የተለየ፣ በዘፈቀደ የተፈጠረ አድራሻ ማሳየት ጀምረዋል። መለየት ያለበት ሰውየው ነው፤ ሰውየው ደግሞ የሚለየው በራሱ ስምና በራሱ ምስጢር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ስሙና ምስጢሩ የት ይቀመጥ? የዋይፋዩን ሞገድ በሚረጨው በየመሣሪያው፣ በየአክሰስ ፖይንቱ፣ ላይ 60 ስም መጻፍ ይቻላል፤ ነገር ግን አሥር አክሰስ ፖይንት ያለው ቢሮ አንድ ሰው በቀጠረና ባሰናበተ ቁጥር አሥር ቦታ ሊያስተካክል ነው፣ አንዷን መርሳቱም አይቀርም። ስለዚህ የስሙ ዝርዝር በአንድ ማዕከል ይቀመጥ፣ በሮቹ ሁሉ ደውለው ይጠይቁ የሚለው አሳብ መጣ። አሳቡ ከዋይፋይ በፊት የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ ሚሺጋን የሚገኘው ሜሪት የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ኔትወርክ፣ በልዩ ልዩ ከተሞች በተተከሉ ሞደሞቹ በስልክ መስመር እየደወሉ የሚገቡ ተጠቃሚዎቹን በአንድ መንገድ የሚያስተዳድርበት ዘዴ ሲፈልግ፣ ሊቪንግስተን የተባለ ኩባንያ ራዲየስ የተሰኘውን የመልእክት አለዋወጥ ደንብ አዘጋጀ። ደንቡ እ.ኤ.አ. በ1997 በይፋ ሰነድነት ወጣ፤ ዛሬም ድረስ መሠረት የሆኑት ሁለቱ ሰነዶች፣ አርኤፍሲ 2865 እና አርኤፍሲ 2866፣ የታተሙት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2000 ነው። የመጀመሪያው ስለ መለየትና መፍቀድ፣ ሁለተኛው ስለ መመዝገብ ይናገራል። ሞደሙ ሲቀር ደንቡ አልቀረም፤ ከዋይፋዩም፣ ከኬብል መስመሩም፣ ከሩቅ ሆኖ ወደ ቢሮ ከሚገባበት ቪፒኤንም ጀርባ ያለው እሱው ነው።

በዚህ አሠራር ውስጥ ሦስት ወገኖች አሉ። አንደኛው መግባት የፈለገው ሰው ወይም መሣሪያው ነው። ሁለተኛው በሩ ላይ ያለው፣ አክሰስ ፖይንቱ፣ ስዊቹ ወይም ራውተሩ ሲሆን፣ ባለሙያዎች «ናስ» ይሉታል፤ ከብረቱ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፣ የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ነው። በዚህ ጽሑፍ ዘበኛ እያልኩ እቀጥላለሁ። ሦስተኛው፣ የስሙን ዝርዝር ይዞ ፎቅ ላይ ያለው ማዕከላዊ ኮምፒውተር፣ የራዲየስ ሰርቨር ነው። የሥራው ዓይነትም ሦስት ነው፤ ማን መሆንን ማረጋገጥ፣ ምን እንደሚፈቀድለት መወሰን፣ ያደረገውን ቆይታ መመዝገብ። ሦስቱም በእንግሊዝኛ በኤ ፊደል ስለሚጀምሩ «ትሪፕል ኤ» ይባላሉ። ሦስተኛው «አካውንቲንግ» ነው፤ በዚህ ስም የተነሣ ለሰርቨሩ የጻፍኩት የግዢ ጥያቄ ሁለት ሳምንት ሒሳብ ክፍል ተቀምጦ እንደነበር ሳልናገር አላልፍም።

አሁን አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ጠዋት ላፕቶፗን ስትከፍት የሚሆነውን እንከተል። ላፕቶፗ ስሟንና ምስጢሯን ለዘበኛው ያቀርባል። ዘበኛው «የመግቢያ ጥያቄ» የሚባል አጭር መልእክት ያዘጋጃል፤ በውስጡ የተጠቃሚዋ ስም፣ የተሸፈነ ፓስዎርድ፣ የዘበኛው የራሱ አድራሻ፣ የላፕቶፑ አድራሻና የመሳሰሉት በየቁጥራቸው ይሰደራሉ፤ ስም 1 ቁጥር፣ ፓስዎርድ 2 ቁጥር፣ የዘበኛው አድራሻ 4 ቁጥር ነው። መልእክቱ ዩዲፒ በተባለው ቀላል የመላኪያ ዘዴ ወደ ሰርቨሩ ፖርት (የአገልግሎት በር ቁጥር) 1812 ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ ሥራ ላይ የዋለው ፖርት 1645 ነበር፤ ቁጥሩ ለሌላ አገልግሎት የተመዘገበ ሆኖ ስለተገኘ ተቀየረ፤ አሮጌ ራውተር ገዝቶ «ለምን አይመልስልኝም?» ብሎ የተቸገረ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ይህንኑ ነው። ሰርቨሩ ዝርዝሩን አይቶ ከሦስት አንዱን ይመልሳል፤ «ይግባ»፣ «አይግባ» ወይም «አንድ ነገር ጨምረህ ጠይቀው»። ሦስተኛው መልስ ለምሳሌ በስልክ የሚላክ ተጨማሪ ኮድ ሲያስፈልግ የሚመጣ ነው።

ዘበኛውና ሰርቨሩ የሚተዋወቁት በመካከላቸው በተስማሙበት አንድ የጋራ ምስጢር ቃል ነው። ይህ ቃል የሠራተኛዋ ፓስዎርድ አይደለም፣ ሠራተኛዋም ልታውቀው አይገባም፤ ዘበኛው ሲደውል ፎቅ ላይ ያለው ሰው «ይህ የእኛ ዘበኛ ነው» ብሎ የሚያምንበት ነው። ብዙ ጊዜ ቴክኒሻኖች ሲተክሉ የሚሳሳቱት እዚህ ነው፣ ስሕተቱም ተንኮለኛ ነው። ቃሉ በአንዲት ፊደል ቢለያይ «ምስጢሩ ተሳስቷል» የሚል መልእክት አይመጣም። ሰርቨሩ የተሸፈነውን ፓስዎርድ በተሳሳተ ቁልፍ ሲገልጠው ትርጉም የለሽ ፊደላት ስለሚያገኝ «አይግባ» ብሎ ይመልሳል፤ ዘበኛው ደግሞ የመልሱን ማኅተም በራሱ ቃል ሲመረምር ስለማይገጥምለት መልሱን ጭራሽ እንዳልደረሰው ቆጥሮ ይጥለዋል። ሰርቨሩ የማያውቀው አድራሻ ሲደውልለትም ዝም ይላል። ስለዚህ «አይግባ» የሚል መልስና ዝምታ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው ስለ ሠራተኛዋ ነው፣ ሁለተኛው ስለ ዘበኛውና ስለ ሰርቨሩ ግንኙነት ነው። ይህን የማይለይ ሰው ፓስዎርዷን አሥር ጊዜ ሲቀይርላት ይውላል።

«ይግባ» የሚለው መልስ ባዶውን አይመጣም። እንደ ባጁ ሁሉ ገደብ ተጽፎበት ይመጣል፤ ቆይታው 28,800 ሴኮንድ፣ ማለትም ስምንት ሰዓት፣ ከሞላ ይቋረጥ፣ ለዚህን ያህል ደቂቃ ዝም ካለ ይዘጋ፣ በሒሳብ ክፍል ቪላን (ለክፍሉ በተለየው የኔትወርክ ክፍል) ውስጥ ይግባ፣ ፍጥነቱ ከዚህ አይለፍ የሚሉ ትእዛዞች ይኖሩበታል። በራዲየስ ማንነትን ማረጋገጥና ፈቃድን መወሰን በአንድ መልስ ተጠቃልለው የሚመጡ በመሆናቸው፣ ሠራተኛዋ ከገባች በኋላ አሳብ ለመለወጥ ሰርቨሩ ዘበኛውን ራሱ መጥራት አለበት፤ ይህ አሠራር ኋላ ላይ የተጨመረ ሲሆን በፖርት 3799 ይሠራል። ፒያሳ አካባቢ ባሉ ትናንሽ ሆቴሎች ለእንግዳ በወረቀት የሚሰጠው የ24 ሰዓት ቫውቸርም ዘዴው ይኸው ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ስምም ፓስዎርድም ሆኖ ያገለግላል፣ ጊዜው ከሰርቨሩ መልስ ጋር በሚመጣው ገደብ ይቆጠራል።

እስካሁን የተነገረውን አብዛኛው ሰው ሲያዋቅር ይደርስበታል፣ ከዚያም ሠራተኛው መግባቱን አይቶ ሥራው አለቀ ብሎ ይሄዳል። በእኔ እምነት ግን ማዕከላዊ ሰርቨር መትከል ዋጋ የሚኖረው ሦስተኛው ሥራ፣ መዝገቡ፣ በትክክል ሲሠራ ነው፤ ችግሩም የሚበዛው እዚያው ነው።

የመዝገብ መልእክት በሌላ ፖርት፣ በ1813፣ ይሄዳል። ሠራተኛዋ እንደገባች ዘበኛው «ጀመረች» የሚል መልእክት ከአንድ የቆይታ መለያ ቁጥር ጋር ይልካል፤ ስትወጣ በዚያው ቁጥር «ጨረሰች» ይልና ስንት ሴኮንድ እንደቆየች፣ ስንት ባይት እንደላከችና እንደተቀበለች፣ ለምን እንደተቋረጠች ያስታውቃል። የመቋረጡ ምክንያት ቁጥር አለው፤ 1 ራሷ ዘግታ ከሆነ፣ 2 መስመሩ ከጠፋ፣ 4 ዝም ብላ ከቆየች፣ 5 የተፈቀደላት ጊዜ ካለቀ፣ 6 አስተዳዳሪው ካስወጣት ነው። ሰርቨሩ «ደርሶኛል» ካላለ ዘበኛው ደጋግሞ ይልካል፤ በሚደጋግምበት ጊዜም «ይህ ወሬ ይህን ያህል ሴኮንድ አርጅቷል» የሚል ቁጥር ስለሚጨምርበት፣ ዘግይቶ የደረሰ መልእክት እውነተኛ ሰዓቱ ይታወቃል። በወረቀት ላይ ሲታይ እንከን የለውም።

መብራት ሲጠፋስ? መሀል አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ይህ ጥያቄ የንድፈ አሳብ ጥያቄ አይደለም። መብራቱ ሄዶ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ባለው ጊዜ አክሰስ ፖይንቱ ይሞታል፤ የሞተ ዘበኛ ደግሞ «ጨረሰች» ብሎ ሊጽፍ አይችልም። ሰርቨሩ ዩፒኤስ ላይ ስለሆነ አልጠፋም፣ ስለዚህ በእሱ መዝገብ ሠራተኛዋ አሁንም ውስጥ ናት። ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ላፕቶፗ ዳግመኛ ሊገባ ሲሞክር፣ «ለአንድ ሰው አንድ ቆይታ ብቻ» የሚል ደንብ ካለ ሰርቨሩ «እሷማ ገብታለች» ብሎ ይከለክላታል። ሠራተኛዋ በራሷ ላይ በሩን የዘጋች ያህል ሆነ። እኛ ቢሮ ደንቡን ባስገባን በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ረቡዕ ከሰዓት መብራት ሄዶ ሲመለስ 19 ሰዎች በአንድ ጊዜ ከጠረጴዛዬ ፊት ቆመው ነበር፤ ፓስዎርዳቸው ሁሉ ትክክል ነበር።

በኋላ መዝገቡን ከፍቼ ሳየው ነገሩ ግልጽ ነበር። እኛ የምንጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረውን፣ በነፃ የሚገኘውን ፍሪራዲየስን ነው፤ መዝገቡን በዳታቤዝ ውስጥ ሲያስቀምጥ ለእያንዳንዱ ቆይታ አንድ ረድፍ ይይዛል፣ የማብቂያ ሰዓት የሚጻፍበት ዓምድም አለው። በ19ኙ ረድፎች ላይ ያ ዓምድ ባዶ ነበር። ዘበኛው ጋሼም ማታ መዝገባቸውን ሲዘጉ የመውጫ ሰዓት ያልተጻፈበት ስም ካገኙ ወይ ሰውየው ፎቅ ላይ አለ፣ ወይ እሳቸው ሻይ ሊጠጡ በሄዱበት ሰዓት ወጥቷል፤ መዝገቡን ብቻ በማየት ሁለቱን መለየት አይቻልም።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛው አክሰስ ፖይንቱ ከሞት ሲነሣ «አሁን ተነሣሁ፣ በእኔ ስር የነበሩት ሁሉ ተቋርጠዋል» የሚል መልእክት እንዲልክ ማድረግ ነው፤ ደንቡ ለዚህ የተለየ መልእክት አስቀምጧል፣ ነገር ግን ርካሽ መሣሪያዎች ሁሉ አይልኩትም። ሁለተኛውና ይበልጥ የማምነው፣ ዘበኛው በመካከል በየጊዜው «እስካሁን አለች፣ እስካሁን ይህን ያህል ተጠቅማለች» እያለ እንዲያሳውቅ ማዘዝ ነው። ደንቡ ይህ ወሬ ከ60 ሴኮንድ ባነሰ ልዩነት እንዳይላክ ይከለክላል፣ ከ600 ሴኮንድ እንዳያንስ ደግሞ ይመክራል። በየ10 ደቂቃው ሲላክ 60 ሠራተኛ በሰዓት 360 መልእክት ብቻ ነው፤ አሮጌ ዴስክቶፕም ያለ ጭንቀት ይችለዋል። ከዚያ በኋላ ሰርቨሩ ለግማሽ ሰዓት ወሬ ያልሰማለትን ቆይታ በመጨረሻው ወሬ ሰዓት ይዘጋዋል። መብራት ቢጠፋም የሚጠፋው ቢበዛ የ10 ደቂቃ ሒሳብ ነው።

ባይቶቹን በማንበብም ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው የአቅጣጫ ነው። መዝገቡ ላይ «ገቢ» የሚለው ቁጥር ሠራተኛዋ ያወረደችውን አይደለም፣ ወደ ዘበኛው የገባውን፣ ማለትም እሷ የላከችውን ነው፤ «ወጪ» የሚለው ደግሞ ዘበኛው ወደ እሷ ያወጣውን፣ እሷ ያወረደችውን ነው። ቁጥሩ የተጻፈው ከበሩ እንጂ ከቤቱ ሆኖ አይደለም። ይህን ገልብጦ ያነበበ ሰው ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ ያየውን ትቶ ፋይል ወደ ክላውድ የጫነውን ይወቅሳል።

ሁለተኛው የቆጣሪው ወሰን ነው። የባይት ቆጣሪው 32 ቢት ስለሆነ እስከ 4,294,967,295 ብቻ ይቆጥራል፤ ከዚያ ወዲያ እንደ አሮጌ መኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ዞሮ ከዜሮ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በስልክ መስመር 4 ጊጋባይት የሚያወርድ ሰው አልነበረም። ዛሬ አንድ የኮምፒውተር ማሻሻያ ያወርደዋል። በአንድ ቆይታ 5 ቢሊዮን ባይት ያወረደ ሰው በዚህ ቆጣሪ ላይ 705,032,704 ባይት ብቻ ሆኖ ይታያል፤ የሰባተኛው ክፍል ያህል ማለት ነው። ለዚህ ሲባል ቆጣሪው ስንት ጊዜ እንደዞረ የሚቆጥር ሌላ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2000 ተጨምሯል፤ ጊጋዎርድ ይባላል። መሣሪያው ይህን መላኩን፣ ሰርቨሩም ሁለቱን አባዝቶ መደመሩን ሳያረጋግጡ በባይት ልክ ገንዘብ ማስከፈል አደገኛ ነው፤ ብዙ የተጠቀመው ሰው ትንሽ እንዲከፍል ያደርጋልና።

ከሁሉም ይበልጥ እኛን አገር የሚፈትነው ግን ሰዓቱ ነው። ጥንቁቅ አስተዳዳሪ ሰርቨሩን በዓለም አቀፉ ሰዓት ያስቀምጠዋል። እኛ ከዚያ ሰዓት በሦስት እንቀድማለን፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ሰዓት ለማግኘት በመዝገቡ ላይ ሦስት ይደመራል። በሀበሻ አቆጣጠር ለማግኘት ግን ከዚያ ላይ ስድስት ስለሚቀነስ፣ ከመዝገቡ በቀጥታ ሦስት መቀነስ ነው። ሦስት መደመርና ሦስት መቀነስ ሁለቱም ትክክል ሲሆኑ ስሕተት መፈጠሩ አይገርምም። መዝገቡ 06:10 ያለውን አንድ ሰው በቀጥታ «ስድስት ሰዓት ከ10» ብሎ አንብቦት፣ በምሳ ሰዓት ቢሮ የቀረችውን ሠራተኛ ሊጠይቃት ተነሥቶ ነበር፤ ነገሩ የተፈጸመው ግን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከ10 ላይ፣ ሁሉም ሰው ቢሮ በነበረበት ሰዓት ነው። ከዚያ ወዲህ ለአለቆች የሚሄደውን ሪፖርት «ከጠዋቱ» እና «ከሌሊቱ» በሚሉ ቃላት ካልሆነ በቁጥር ብቻ አልጽፍም። ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የሆነ ነገር ደግሞ በመዝገቡ ላይ 23:00 ተብሎ በትናንቱ ቀን እንደሚገኝ መዘንጋት የለበትም።

ስለ ደኅንነቱ መናገር ያለብኝ ደስ የማያሰኝ ነው። ራዲየስ መልእክቱን በሙሉ አይሸፍንም፤ የሚሸፍነው ፓስዎርዱን ብቻ ነው፣ ስሙና የቀረው ሁሉ በግልጽ ይሄዳል። የሚሸፍንበትና የሚያትምበት መሣሪያም ኤምዲ5 የተባለው፣ ከማንኛውም ጽሑፍ አጭር የቁጥር አሻራ የሚያወጣ፣ እ.ኤ.አ. የ1991 ስልት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የቻይና ተመራማሪዎች ሁለት የተለያዩ ጽሑፎች አንድ ዓይነት የኤምዲ5 አሻራ እንዲኖራቸው ማድረግ እንደሚቻል አሳይተዋል። ይሁንና ነገሩ በራዲየስ ላይ እስኪደርስ 20 ዓመት ፈጀ። በሐምሌ 2024 ይፋ በሆነው ብላስት ራዲየስ በተባለው ጥቃት፣ በዘበኛውና በሰርቨሩ መካከል መስመር ላይ የተቀመጠ ሰው የጋራውን ምስጢር ሳያውቅ «አይግባ» የሚለውን መልስ ወደ «ይግባ» መለወጥ እንደሚችል ታየ። መከላከያው ተጨማሪ ማኅተም ግዴታ ማድረግ ነው፤ ሰርቨሩንም መሣሪያዎቹንም ማሻሻልና ያን ምርጫ ማብራት በቂ ነው። ከዚህ የሚሻለው የራዲየሱን መልእክት በተመሰጠረ ቲኤልኤስ ቱቦ ውስጥ ማሳለፍ ነው፤ በተለይ ዘበኛው ሜክሲኮ፣ ሰርቨሩ አራት ኪሎ ሲሆን።

«ኢንተርፕራይዝ» በሚባለው የዋይፋይ አሠራር፣ በ802.1ኤክስ፣ የሚገባ ቢሮ ከዚህ ጥቃት የተጠበቀ ነው፤ ያ ማኅተም እዚያ ከመጀመሪያውም ግዴታ ነበር። የዚህኛው ድክመት ሌላ ቦታ ነው። ስልኩ ፓስዎርዱን ከመስጠቱ በፊት የሰርቨሩን ሰርተፍኬት፣ ማለትም ማንነቱን የሚያሳየውን ዲጂታል መታወቂያ፣ መመርመር አለበት፤ ብዙ ሰው ግን «አትመርምር» የሚለውን መርጦ ያልፋል። ያን ጊዜ አንድ ሰው በራሱ ቦርሳ ውስጥ የቢሮውን ስም የያዘ አክሰስ ፖይንት ይዞ ማኪያቶ ቤቱ ቢቀመጥ፣ ስልኩ ወደዚያ ሄዶ የተጠቃሚውን ምስጢር ያስረክባል። አንድሮይድ ከ2020 መጨረሻ ወዲህ ይህን ምርጫ ከብዙ ስልኮች ላይ ማንሣቱ ለተጠቃሚው ራስ ምታት፣ ለቢሮው ግን በረከት ነው።

ራዲየስ ዘመዶችም አሉት። ታካክስ ፕላስ የሚባለው ሠራተኞችን ሳይሆን ራውተር የሚነኩትን ባለሙያዎች ለመቆጣጠር የሚመረጥ ነው፤ እያንዳንዱን ትእዛዝ «ይህን ማለት ይችላል?» ብሎ ያስጠይቃል። ሌላው ዲያሜትር ነው፤ በጂኦሜትሪ ዲያሜትር የራዲየስ እጥፍ ስለሆነ ስሙ ቀልድም አለበት። በ4ጂ የሞባይል ኔትወርክ ውስጥ የሚሠራው እሱ ነው። ለቅድመ ክፍያ ጥቅልም የተለየ አሠራር አለው፤ ቆይታው ካለቀ በኋላ መመዝገብ ለቅድመ ክፍያ አይበቃም፣ ሰውየው ሒሳቡ ከዜሮ በታች ወርዶ ሊገኝ ይችላልና። ስለዚህ ኔትወርኩ ከሒሳብ ሰርቨሩ አስቀድሞ ትንሽ ድርሻ ይለምናል፣ እሷን ሲጨርስ ሌላ ይለምናል፣ ሰርቨሩ «የለም» ሲል ያቋርጣል። ከሱቅ በዱቤ ሳይሆን የያዙትን ሳንቲም እያሳዩ እየቆነጠሩ እንደመግዛት ነው።

መዝገቡ ሲጠራቀም ሌላ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። አንድ ጊዜ አንድ ኃላፊ «እገሌ በሥራ ሰዓት ምን ምን ገጽ ከፈተ?» ብለው ጠየቁኝ። መዝገቡ ይህን አያውቅም፤ ማን፣ መቼ፣ ከየትኛው በር፣ ለስንት ጊዜ፣ ስንት ባይት የሚለውን ብቻ ነው የሚያውቀው። ይሁንና ይህም ትንሽ አይደለም። የስድስት ወር መዝገብ ያየ ሰው፣ ሠራተኛዋ ስንት ሰዓት እንደምትገባ፣ የትኛው ፎቅ ላይ እንደምትቆይ፣ በየትኛው ቀን እንደቀረች ይነግርዎታል። በአገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የኤምዲ5 ሰነድ ቁጥርም 1321 መሆኑ ግጥምጥሞሽ ነው፣ ለማስታወስ ግን ይረዳል። በሌላ በኩል የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን (ማን ከማን፣ መቼ፣ ለስንት ጊዜ እንደተገናኘ የሚያሳየውን) ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያዛል። አንድ ተራ ቢሮ በዚህ ትርጓሜ ውስጥ ይውደቅ አይውደቅ የሕግ ባለሙያ ጉዳይ ነው፤ እኛ ግን አንድ ዓመት ይዘን፣ ከዚያ ያለፈውን በየወሩ መጀመሪያ ሌሊት በሚነሣ አጭር ፕሮግራም እናጠፋለን፤ መዝገቡን የሚያዩትም ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ፕሮግራሙ የሚያጠፋው የማብቂያ ሰዓታቸው ዓመት ያለፋቸውን ረድፎች ነው። ባለፈው ሳምንት ዳታቤዙን ስፈትሽ የአንድ ሰው ረድፍ ከሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ ተቀምጦ አገኘሁ። ከቢሮው ከለቀቀ ቆይቷል፣ ስሙም ከዝርዝሩ ተሰርዟል። የገባው ግን የመካከሉን ወሬ ማስላክ ከመጀመራችን በፊት፣ ከእነዚያ መብራት ከጠፋባቸው ቀናት በአንዱ ስለነበር የማብቂያው ዓምድ ባዶ ነው፤ ማብቂያ የሌለውን ፕሮግራሙ አያይም። በመዝገቡ መሠረት ሰውየው አሁንም ሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው አጠገብ ባለው አክሰስ ፖይንት ላይ ተገናኝቶ ተቀምጧል።